ረጅም ልጅ ሞልቶ ፎርዋርድ የጠፋበት አገር

የአንድ ፎርዋርድ የኦሊምፒክ ጉዞ ስለ ጉለሌ የሲሚንቶ ሜዳዎችና ስለ ቅርጫት ኳሳችን የሚነግረን

ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም ምሽት በፈረንሳይዋ ሊል ከተማ፣ በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ምድብ ጨዋታ፣ አሜሪካና ደቡብ ሱዳን ተገናኙ። በአንደኛው ወገን ሌብሮን ጄምስ፣ ኬቨን ዱራንትና ስቴፈን ከሪ ነበሩ። በሌላው ወገን ነፃ አገር ከሆነች 13 ዓመት ብቻ የሞላት፣ በኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ ስትሳተፍም የመጀመሪያዋ የሆነ አገር ነበረች። አሜሪካ 103 ለ 86 አሸነፈች፤ ማንም አልተደነቀም። የምሽቱ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ግን ከነሌብሮን ወገን አልነበረም። 24 ነጥብ ያስቆጠረው የደቡብ ሱዳኑ ፎርዋርድ ኑኒ ኦሞት ነው።

ኦሞት እ.ኤ.አ. በ1994 ኬንያ ውስጥ በስደት የተወለደ የአኝዋ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ናቸው። አኝዋ በጋምቤላም፣ ከድንበሩ ማዶ በደቡብ ሱዳንም የሚኖር ሕዝብ ነው፤ በአሜሪካዋ ሚኒሶታም ብዙ ልጆቹ ሰፍረዋል። ኦሞትም ያደገው እዚያ ነው። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ እንዲህ ያለው ልጅ ለምን የእኛን ማሊያ አልለበሰም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሱ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ቤተሰቡ ባይሰደድና ልጁ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ጉለሌ፣ ቢያድግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

በየደረጃው የጠበቀው ሜዳ

የኦሞት የተጫዋችነት መንገድ የኮከብ መንገድ አልነበረም። ከሁለተኛ ደረጃ ሲወጣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልተሻሙበትም። የጀመረው በሴንት ፖል ከተማ ኮንኮርዲያ በሚባል፣ በአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ሁለተኛው እርከን ላይ በሚጫወት ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በአዮዋ ግዛት ኢንዲያን ሂልስ ወደተባለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሄደ፤ ቀጥሎም ቴክሳስ ወደሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመረቅ በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ ምልመላ ስሙ አልተጠራም። እሱ ግን አልቆመም፤ ኑሮውን በኳስ እየመራ ከክለብ ክለብ ዞረ፣ የኤንቢኤ ታዳጊ ሊግ በሆነው ጂ ሊግም ተጫወተ። ግንቦት 2015 ዓ.ም ላይ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ አነሳ፤ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎም ተመረጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የሚባለው የልጁ ተሰጥዖ ብቻ አይደለም። አንደኛው በር ሲጠብበት ሁልጊዜ ሌላ በር ነበረ። ትንሹ ኮሌጅ፣ መካከለኛው ኮሌጅ፣ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ፣ ታዳጊው ሊግ፣ የባሕር ማዶው ክለብ፤ በየደረጃው አሠልጣኝ፣ ጣሪያ ያለው ሜዳና ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ውድድር ጠብቆታል። ጉለሌ ውስጥ ሽሮ ሜዳ የሚሸጥ አንድ ጋቢ ከፈታይዋ እስከ ሸማኔው ስንት እጅ እንደሚያልፍ የሰፈሩ ሰው ያውቃል። ፎርዋርድም እንዲሁ ነው፤ አንድ እጅ ከጎደለ አይወጣም።

«አንተ ስር ቁም»

ፎርዋርድነት ከቅርጫት ኳስ ቦታዎች ሁሉ ለመማር ጊዜ የሚወስድ ነው። ጋርዱ ኳስ ይመራል፣ ሴንተሩ ከሪንጉ ስር ይሠራል። ፎርዋርዱ ግን ሁለቱንም ይጠየቃል። ከሱ ከሚረዝም ሰው ጋር ተጋፍቶ ሪባውንድ መያዝ አለበት። ኳሱ ወደ ጥግ ሲመጣለት ከ6 ሜትር ከ60 የሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆሞ ማግባት አለበት። ተከላካዩ ሲጠጋው ድሪብል አድርጎ ማለፍ፣ ሲመለስ ደግሞ አጭሩንም ረጅሙንም መያዝ ይጠበቅበታል። ኦሞት ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ነው፤ በሊል ምሽት አሜሪካኖቹን ያስቸገረው ግን እንዲህ ያለ ቁመት ይዞ ከሩቅ መተኮስና ኳስ ይዞ መግባት መቻሉ ነው።

በእኛ የትምህርት ቤት ሜዳዎች የተለመደው ደግሞ ሌላ ነው። ከክፍሉ የሚረዝመው ልጅ ገና ሜዳ ሲገባ «አንተ ስር ቁም» ይባላል። ኳስ ይዞ እንዲሮጥ አይፈቀድለትም፤ ከሩቅ ቢሞክር ይቆጡታል። ከእኩዮቹ ስለሚረዝም ያሸንፋል፣ ስላሸነፈም የሚያርመው የለም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ከሱ የሚረዝም ሰው ይገጥመዋል፤ ያኔ ድሪብሉም ተኩሱም በእጁ የለም። ረጅም ልጅ አለን፤ ፎርዋርድ ግን የለንም የምንለው ለዚህ ነው።

ጉለሌ፦ ለሯጭ የተመቸ ሰፈር

ጉለሌ የስፖርት ሰፈር ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ንጋት ላይ ያየ፣ ኢትዮጵያ ለምን በሩጫ እንደከበረች ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር የሚያልፈው ከፍታ፣ የባሕር ዛፉ ጫካና ቀዝቃዛው አየር ለሯጭ በነፃ የተሰጡ ናቸው። ጫማ ካለው ልምምዱን መጀመር ይችላል።

ቅርጫት ኳስ በነፃ የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው። 28 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ለጥ ያለ ወለል፣ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ ቀጥ ያለ ሪንግ፣ የማይንሸራተት ኳስ ይፈልጋል። በሰፈሩ የትምህርት ቤት ግቢዎች ያለው አብዛኛው ሜዳ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ነው። ልጆች ተንጠልጥለውበት ሪንጉ ወደፊት ያዘነብላል፤ መረቡ ከወደቀ ቆይቷል፤ ቦርዱ ሲመታ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል። ኳሱ ሲሚንቶው ላይ ሲላጥ ከርሞ ጥርሱ አልቋል፤ ላብ ወይም ካፊያ ሲነካው ከእጅ ያመልጣል። በዚያው ወለል ላይ የመረብ ኳስና የእጅ ኳስ መስመሮች ተደራርበው ተሰምረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በአብዛኛው የእግር ኳስ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። ሌላው ዓለም ታዳጊዎቹን አጥብቆ የሚያሠለጥንበት ረጅም የእረፍት ወቅት እኛ ዘንድ ሜዳው ውኃ የሚያቁርበት ወቅት ነው።

በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በየመንደሩ አነስተኛ ማዘውተሪያዎች ተሠርተዋል፤ ሪንግ የተተከለላቸውም አሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማዘውተሪያ ልጁን ከስፖርቱ ጋር ያስተዋውቀዋል፤ ለማሠልጠን ግን አሠልጣኝ፣ የዕድሜ ምድብና ቋሚ ውድድር ይጠይቃል። ከፍ ላለው ውድድርም ቢሆን መረብ ኳሱ፣ እጅ ኳሱና ቅርጫት ኳሱ የአዲስ አበባዋን «ትንሿ ስታዲየም» በወረፋ ሲጋሩ ኖረዋል።

1954 ዓ.ም፦ የተረሳው ጅማሮ

ቅርጫት ኳስ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገራችን የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን ፊባን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ያኔ በቅኝ ግዛት ሥር ነበሩ። 1954 ዓ.ም ሲነሳ ሁሉም የሚያስታውሰው የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ያነሳውን የአፍሪካ ዋንጫ ነው። በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሲካሄድ ከአምስቱ ተሳታፊ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? ስፖርቱ ያደገው በትምህርት ቤቶችና በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) ግቢዎች ነበር፤ ከዚያ ሳይወጣ ቀረ። ዛሬ ፕሪሚየር ሊግ አለ፤ እንደ ሐዋሳ ከተማና ጎንደር ከተማ ያሉ ክለቦችም አሉ። ስማቸው እንደሚያሳየው ግን አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ከቲኬትም ከቴሌቪዥንም ይህ ነው የሚባል ገቢ የለም፤ በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚታጠፈው ከእግር ኳስ ውጭ ያለው ቡድን ነው። ወላጅ ልጁን «ተማር፣ ኳሱ እንጀራ አይሆንህም» ቢለው ተሳስቷል ማለት ይከብዳል።

ጎረቤት ያደረገችው

ደቡብ ሱዳን እኛ ያለንን ያህል ሜዳ እንኳ አልነበራትም፤ ደረጃውን የጠበቀ ጣሪያ ያለው ሜዳ ሳይኖራት ነው ኦሊምፒክ የገባችው። ፊባን የተቀላቀለችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሉዎል ዴንግ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነ። ዴንግ ራሱ በስደት ያደገ፣ በኤንቢኤ ሁለት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ ፎርዋርድ ነው። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የተበተኑትን ልጆች አንድ በአንድ አሰባሰበ፤ ከራሱ ኪስም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ዋንጫው አንጎላን አሸንፈው የኦሊምፒክ ትኬት ቆረጡ። ከኦሊምፒኩ ጥቂት ቀደም ብሎ ለንደን ላይ አሜሪካ የረታቻቸው 101 ለ 100 ብቻ ነበር፤ ያውም ሌብሮን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ባገባት ኳስ።

የተበተኑትን የማሰባሰቡ አቋራጭ መንገድ ግን ብቻውን አይበቃም። በዚያው የደቡብ ሱዳን ቡድን ውስጥ የነበረውን ካማን ማሉዋችን እንመልከት። ኳስ የጀመረው በስደት ባደገባት ኡጋንዳ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ ነው። ከዚያ ሴኔጋል ወዳለው የኤንቢኤ አፍሪካ አካዳሚ ገባ፤ በ17 ዓመቱ ኦሊምፒክ ተጫወተ፤ እ.ኤ.አ. በ2025ቱ የኤንቢኤ ምልመላ አሥረኛ ሆኖ ተመረጠ። የኡጋንዳዋ ካምፓላ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለችም። ያ ልጅ ያገኘው በጊዜ ያየውን ዓይንና ቀጣዩን በር ነው።

ሁለት ሰዓቶች

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፦ በውጭ ያሉት ልጆቻችን ለምን አይመጡም? ፍላጎት ቢኖርም እንኳ ሁለት ደንቦች ይጋጫሉ። በፊባ ደንብ አንድ ተጫዋች የአገሩን ዜግነት 16 ዓመት ሳይሞላው ካላገኘ ዜግነቱን በኋላ እንዳገኘ ተጫዋች ይቆጠራል፤ አንድ ቡድን ደግሞ ከእንዲህ ያለው ማሰለፍ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በበኩሉ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። ከኢትዮጵያዊ ወላጅ ውጭ አገር ተወልዶ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ለመቀጠል መምረጡን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ደግሞ ያለ ቪዛ ለመግባትና ለመሥራት ያገለግላል እንጂ ዜግነት አይደለም። ደቡብ ሱዳን ግን ጥምር ዜግነትን ትፈቅዳለች።

ስለዚህ ሚኒሶታ ወይም ሜልበርን ያለ የአሥራ አምስት ዓመት ረጅም ልጅ በፊባ ሰዓት ጊዜው እያለቀበት ነው። በእኛ ሕግ ሰዓት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲል የያዘውን ፓስፖርት ጣል ይባላል። እዚያ ያለውን ትምህርትና የወደፊት ኑሮ ትቶ ይህን የሚመርጥ ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነው። ጥምር ዜግነት ከስፖርት በላይ የሆነ የአገር ጉዳይ ነው፤ ለቅርጫት ኳስ ሲባል ሕግ ይቀየር ማለት አይደለም። ፌዴሬሽኑ ግን ልጆቹን ገና በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመታቸው መዝግቦ ማወቅ፣ ቤተሰቦቻቸውን ማነጋገር፣ ክረምት ላይ ጠርቶ ማሰባሰብ ምንም ሕግ አይከለክለውም።

ከዚያ በላይ የሚያስቆጨው ግን ፓስፖርቱ በኪሱ ያለው፣ ጉለሌ ወይም ጋምቤላ ውስጥ ዛሬ «ስር ቁም» የተባለው ልጅ ነው። ለሱ ሕግ ማሻሻል አያስፈልግም። ለክፍለ ከተማው አንድ ጣሪያ ያለው ሜዳ፣ ረጅሙንም ልጅ ድሪብል የሚያስተምር አሠልጣኝ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላም የማይቋረጥ የወጣቶች ሊግ ቢገኝለት መንገዱ ተጀመረ ማለት ነው። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት የጋምቤላን ቁመት እየጠቀስን ስለ ወደፊቱ ብናወራ፣ የሚቀጥለውም ኦሞት የሚጨበጨብለት በሌላ አገር ማሊያ ነው።