የጋራ ጣሪያ ሲያፈስ ማን ይጠግነዋል?

ብዙ ባለቤቶች ባሉት ሕንፃ ውስጥ ጥገና የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ወይም ባለሙያ ጠፍቶ ሳይሆን፣ የተበላሸው ነገር የማን እንደሆነ፣ መጠገኑን ማን እንደሚወስንና ወጪው በምን ልክ እንደሚከፋፈል አስቀድሞ ስላልተቆረጠ ነው። ይህ ጉዳይ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ጣጣ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቢቆይም፣ የሰሜን ወሎ ዞን መዲና በሆነችው በወልድያና የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በመርሳ ከደሴ ወደ መቀሌ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ተከትሎ ፎቅ ሲበዛ፣ ሥሩ ሱቅ ላዩ መኖሪያ የሆነ፣ በውርስ ለወንድማማቾች የተከፋፈለ ወይም በመዋጮ የተሠራ ሕንፃም አብሮ መብዛቱ አይቀርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፎቅ ወይም በክፍል የተከፋፈሉ ቤቶችን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች የነበሩት ሲሆን፣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የአዲስ አበባው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጣ። አዋጁ የጋራ ሕንፃ የሚለው፣ ወደ ላይ የተሠራም ሆነ በረድፍ የተደረደረ ሆኖ፣ በተናጠል የተያዙ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ ነው፤ የጋራ መጠቀሚያ ማለትም ከእያንዳንዱ ሰው ቤት ውጭ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ጣሪያው፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ግቢው፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ ዋናው የውኃ መስመር ነው። የቤቶቹ ባለቤቶች የማኅበር አባላት ይሆናሉ፤ ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ስላለው በስሙ ይዋዋላል፣ ይከስሳል፣ ይከሰሳል፤ የጋራ ወጪውንም አባላቱ ሕንፃው ሲመዘገብ በቀረበው ሰነድ በተመለከተው ድርሻ መጠን ይሸፍናሉ። በትንንሽ ከተሞች ግን ከአምስት ያነሱ ቤቶች ያሉት ሕንፃ ብርቅ ስላልሆነ፣ ሦስት ወንድማማቾች የወረሱት ፎቅ በዚህ አዋጅ ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ የጋራ ባለሀብትነት ድንጋጌዎች ይዳኛል፤ በእነዚህም የዕለት ተዕለት አስተዳደር በድርሻ ብልጫ ሲወሰን፣ ንብረቱን ለመሸጥ ወይም የታሰበበትን አገልግሎት ለመለወጥ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ጠብ ከመጀመራቸው በፊት የትኛው ሕግ እንደሚገዛቸው ቢያውቁ ብዙ ድካም ይተርፋቸዋል።

ከዚህ ቀደም አገሪቱ የሞከረችው ሌላ መንገድ ባለቤትንና ነዋሪን መለየት ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር ቀበሌው የሚጠግንበት ገቢ አልነበረውም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ አይደፍርም፣ ቢደፍርም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። በየከተማው ያሉት ያረጁ የቀበሌ ቤቶች፣ ከጋራ ግቢያቸውና ከጋራ መጸዳጃቸው ጋር፣ የዚያ ዘመን ውጤት ናቸው። ኮንዶሚኒየም የነዋሪውን ባለቤትነት መልሶ ይህን ችግር በግማሽ ፈታው፤ ቀሪው ግማሽ፣ ማለትም የጋራ የሆነው ክፍል፣ ለማኅበሩ ተተወ።

ወሎ በዚህ በኩል ባዶ እጁን አይደለም። በሌላው የአገሪቱ ክፍል እድር የሚባለው መረዳጃ በወሎ ቅሬ ይባላል፤ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ላይ የሚያቅፍ፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ የቀረን የሚቀጣና የራሱ መሪዎች ያሉት ተቋም ነው። በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ሰዎች ስብሰባ መጥራትን፣ ገንዘብ ያዥ መምረጥንና ሒሳብ ማወራረድን ከዜሮ አይማሩም፤ ከልጅነታቸው ያዩት ነው። ይሁን እንጂ ቅሬ ለሕንፃ አስተዳደር ሙሉ ምሳሌ ሊሆን አይችልም። የቅሬ መዋጮ በቤተሰብ እኩል ነው፤ የሕንፃ ወጪ ግን በድርሻ ስለሚከፈል ባለ ሦስት መኝታ ቤቱና ባለ ስቱዲዮው እኩል ይክፈሉ ቢባል ቅሬታ መነሣቱ አይቀርም። ከዚህም የሚበልጠው ልዩነት ቅሬ የማይከፍለውን አባል መሰረዝ መቻሉ ነው፤ ጣሪያ ግን ከፋዩንም እምቢተኛውንም እኩል ስለሚሸፍን፣ ያልከፈለውን ሰው ብቻ ለይቶ ዝናብ እንዲመታው ማድረግ አይቻልም። የጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብ አስፈላጊነት እዚህ ላይ ነው፤ ቅሬ በይሉኝታና በማኅበራዊ ቅጣት የሚያስፈጽመውን የሕንፃ ማኅበር በውልና ካስፈለገም በፍርድ ቤት ማስፈጸም አለበት፤ እርግጥ ነው፣ ከዚያ በፊት በአካባቢው እንደተለመደው ነገሩን በሽማግሌ መጨረስ ርካሽም ፈጣንም ነው።

የብዙ ሕንፃዎች ጠብ የሚጀምረው ከውኃ ነው። በሦስተኛ ፎቅ ኮርኒስ ላይ የታየ እርጥበት የገባው እዚያው ላይሆን ይችላል፤ ውኃ በሶሌታው፣ ማለትም ፎቅን ከፎቅ በሚለየው የኮንክሪት ወለል፣ ላይ ርቆ ከተጓዘ በኋላ ነው ደካማ ቦታ አግኝቶ የሚንጠባጠበው። ምንጩን ሳያውቁ የላይኛውን ጎረቤት መክሰስ የተለመደ ስሕተት ነው። እርጥበቱ በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚታይ ከሆነ ጥፋቱ የጣሪያው ወይም የአሸንዳው፣ በበጋም የማይደርቅ ከሆነ ደግሞ የቧንቧ ወይም የመታጠቢያ ቤት መሆኑ ያመዝናል፤ የሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ዋናው ቆጣሪ የሚዞር ከሆነም የተደበቀ ፍሳሽ አለ ማለት ነው። የጋራ መስመር ከሆነ ማኅበሩ ይጠግናል፤ ከአንድ ቤት ውስጥ የመነጨ ከሆነ የዚያ ቤት ባለቤት ይጠግናል፣ ጎረቤቱ ላይ የደረሰውንም ጉዳት ይክሳል። ጣሪያውን ከዝናብ ይልቅ የሚጎዳው ሰው ነው ቢባልም ማጋነን አይሆንም፤ ዲሽ ለመትከል፣ ሮቶ ለመስቀል፣ ሽቦ ለመዘርጋት በቆርቆሮው ላይ የሚመላለስ ሁሉ ምስማሩን ያላላል፣ አዲስ ቀዳዳም ትቶ ይወርዳል። ስለዚህ የጣሪያው መውጫ ቁልፍ በአንድ ኃላፊ እጅ መሆኑና የወጣው ሰው መመዝገቡ፣ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነገር ግን ብዙ ጥገና የሚያስቀር ደንብ ነው።

ማሻሻያ ከጥገና ይለያል። ጥገና ያለውን ወደ ነበረበት መመለስ ሲሆን፣ ማሻሻያ ያልነበረ ነገር መጨመር ወይም የነበረውን መለወጥ ነው፤ ተጨማሪ የውኃ ታንከርና ፓምፕ መግጠም፣ ደረጃን በብረት በር መዝጋት፣ የምድር ቤትን ወደ ሱቅ መለወጥ ከዚህ ይመደባሉ። ጥገናን ኮሚቴው በራሱ ሊወስን ይገባል፤ ማሻሻያ ግን ወደ ጠቅላላ ጉባኤ መቅረብ አለበት፤ ምክንያቱም አንዱ የሚጠቅመው ሌላው ሳይፈልግ የሚከፍልበት ነገር ነውና። የሕንፃውን አካል የሚነካ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ስምምነት አይበቃም፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እንደዚህ ላሉት ለውጦች የግንባታ ፈቃድ የመጠየቅን ግዴታ ደንግጓል። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ፎቆች ክብደቱን የሚሸከሙት ኮለንና ቢም፣ ማለትም የኮንክሪት ዓምዶችና አግዳሚዎች፣ ሲሆኑ ብሎኬቱ መከፋፈያ ነው፤ ይህን የሰሙ አንዳንድ ባለቤቶች ብሎኬት በማፍረስ አያበቁም፣ ቧንቧ ለማሳለፍ ቢሙን እስከ ፌሮው ድረስ ይፈለፍላሉ። ወልድያና መርሳ የሚገኙት በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ነው፤ ከእነርሱ በስተ ደቡብ በዚሁ ጠርዝ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ማፍረሱ ሲታሰብ፣ ቢም መፈልፈል ከጎረቤት ፈቃድ በላይ የሆነ ድፍረት ነው።

ሁሉም ማኅበር ዳገት የሚሆንበት ግን የመጠባበቂያ ገንዘብ ነው። መጠባበቂያ ማለት ከወርኃዊው የጥበቃና የጽዳት ክፍያ ተለይቶ፣ ጣሪያ ለመቀየር ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ለማደስ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ዛሬ ያለ ባለቤት ከዐሥር ዓመት በኋላ ለሚቀየር ጣሪያ ክፈል ሲባል፣ ያኔ ቤቱን ሸጬ እሄዳለሁ ብሎ ያስባል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ በተባለች ከተማ የነበረው ባለ 12 ፎቅ የጋራ ሕንፃ የዚህ አስተሳሰብ የከፋ መጨረሻ ማሳያ ነው፤ መሐንዲስ በ2018 እ.ኤ.አ. ከባድ የኮንክሪት ጉዳት መኖሩን ቢያሳውቅም፣ ባለቤቶቹ በሚሊዮኖች ዶላር በሚቆጠረው መዋጮ ላይ ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው ዋናው ጥገና ሳይጀመር ሰኔ 24 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ሕንፃው ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ የሕንፃ አካልን ለመጠገን የሚቀመጥ መጠባበቂያ በባለቤቶች ድምፅ እንዳይሰረዝ በሕግ ከለከለች። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በዚያ ደረጃ ባይሰጋም፣ የክርክሩ ጠባይ ግን አንድ ነው።

በሀብሩና በአካባቢው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከዚህ አካባቢ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሄዱ ብዙዎች በላኩት ገንዘብ ቤት የሠሩ ወይም የገዙ ስለሆነ፣ ባለቤቱ በሌለበት ተከራይ ይኖራል። ተከራዩ ፍሳሹን ያያል እንጂ ድምፅ የለውም፤ ባለቤቱ ድምፅ አለው እንጂ ፍሳሹን አያይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባለቤቱ በጉባኤ የሚገኝና የጋራ ወጪ የሚከፍል ወኪል በጽሑፍ ይሰይም፣ የኪራይ ውሉም ወርኃዊውን የጋራ ክፍያ ማን እንደሚከፍል ይግለጽ።

የሥራው ጊዜም ከክርክሩ እኩል ይወስናል። ሰሜን ወሎ ከክረምቱ ሌላ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል የበልግ ዝናብ ስለሚጎበኘው፣ ለጣሪያ ሥራ ይበልጥ የሚመቸው ደረቅ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በክረምት አፈሰሰ ተብሎ በመስከረም የተሰበሰበ ኮሚቴ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ባለሙያዎች ፕሮፎርማ ተቀብሎ፣ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ አስፍሮና ቅድመ ክፍያ ሰጥቶ በኅዳር ሥራ ማስጀመር ይችላል፤ ከክፍያውም የተወሰነውን በመያዣነት አስቀርቶ የበልጉ ዝናብ ጣሪያውን ከፈተነው በኋላ ቢለቅ፣ ከማንኛውም የቃል ዋስትና የተሻለ ማረጋገጫ ያገኛል። ገንዘቡ በግለሰብ ስም ሳይሆን በማኅበሩ ስም በተከፈተ፣ ከአንድ በላይ ፊርማ በሚጠይቅ የባንክ ሒሳብ መቀመጥ ይኖርበታል፤ አባላት መዋጮ የሚያቆሙት ብዙ ጊዜ ደረሰኝ ሲያጡ ነውና። እስካሁን የጽሑፍ መተዳደሪያ ደንብ የሌላቸው የሕንፃ ባለቤቶች፣ ሦስትም ሆኑ ሠላሳ፣ ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት ተሰብስበው የጋራውን ከግሉ ለይተው ይጻፉ፣ ድርሻቸውንም ይፈርሙ።