ያገለገለ አውቶሞቢል ሲገዙ የሻጩ ቃል ውሉ ውስጥ ይግባ

በአዲስ አበባ ለሚኖር መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ በሕይወቱ የሚገዛው ትልቁ ንብረት አውቶሞቢል ነው፡፡ ቤት የሌለው ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ መኪናው ያለው ብቸኛ ሀብት ሊሆን ይችላል፡፡ የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ዕጣና ከዘመድ የተገኘ ብድር ተደምሮ የሚፈጸመው ይህ ግዥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቋጨው በደላላ ምስክርነትና በግማሽ ሰዓት የሙከራ ጉዞ ነው፡፡ “ሞተሩ አልተነካም”፣ “ቀለሙ ኦሪጅናል ነው”፣ “ሴት የነዳችው ነው፣ ከቤት ቢሮ ብቻ ነው የሄደው” የሚሉት ቃላት እስከ ክፍያው ሰዓት ድረስ ይደረደራሉ፡፡ ውሉ ሲፈረም ግን ከእነዚህ ቃላት አንዱም ወረቀቱ ላይ አይገኝም፡፡ በምትኩ የሚገኘው “ገዥ መኪናውን አይቼና መርምሬ ወድጄ ገዝቻለሁ” የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር ነው፡፡

የአንድ ያገለገለ መኪና አስተማማኝነት የሚታወቀው ከስሙ ሳይሆን ከታሪኩ ነው፡፡ በእኛ አገር ያ ታሪክ በሰነድ ስለማይገኝ ገዥው ሁለት ነገሮችን ማድረግ አለበት፡፡ በመጀመሪያ ታሪኩን ከመኪናው አካል ላይ ማንበብ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሻጩ በአፉ የነገረውን በውሉ ውስጥ ማስፈር ነው፡፡

ገበያው ለምን ተለወጠ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች እንደ ዕድሜያቸው እየጨመረ የሚሄድ ታክስ እንዲከፈልባቸው አድርጓል፡፡ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ የተጣለው ታክስ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፡፡ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮም የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መጥቷል፡፡

የእነዚህ ውሳኔዎች ድምር ውጤት ለመገመት አያስቸግርም፡፡ በቤንዚን የሚሠራ የቤተሰብ አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው በአመዛኙ የሚገዛው ቀድሞ ከገባውና በየዓመቱ እያረጀ ከሚሄደው ክምችት ነው፡፡ አንድ ኮሮላ ወይም ካምሪ ሦስትና አራት ባለቤት፣ ከዚያም በላይ ጋራዥ ቀያይሮ ይደርሰዋል፡፡ ዋጋው ግን ከዕድሜው ጋር አብሮ አይወርድም፡፡ እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ የስህተት ዋጋ ከፍተኛ ነው፡፡

ስም ብቻውን አይበቃም

“ቶዮታ ነው፣ ምን ያስፈራል?” የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፡፡ መለዋወጫው በሶማሌ ተራ በቀላሉ የሚገኝ፣ ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀው መኪና መግዛት ብልህነት ነው፡፡ ሰፋ ያለ የአውሮፓ አውቶሞቢል በተሻለ ዋጋ አግኝቶ የሚገዛ ሰው ይህን ማሰብ አለበት፤ ሲገዛ ያተረፈውን አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ፍለጋ ሊያወጣው ይችላልና፡፡

ሆኖም መልካም ስም ያለው ፋብሪካም ደካማ ዓመታት አሉት፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2009 ሞዴል ከሆኑት ካምሪዎች መካከል 2.4 ሊትር ሞተር ያላቸው አንዳንዶቹ በፒስተን ፋሻ ችግር ምክንያት ከመጠን ያለፈ ዘይት ይበሉ ነበር፡፡ ቶዮታ ለዚህ ችግር በአሜሪካ የተራዘመ ዋስትና ሰጥቶ ጥገና አድርጓል፡፡ ከዚያ ዘመን የተሠራ ካምሪ በእጅዎ ቢገባ ጥገናው ተደርጎለት ይሁን ሳይደረግለት ሊብሬው አይነግርዎትም፡፡ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ “ምን ዓይነት መኪና ነው?” ብቻ ሳይሆን “የትኛው ዓመት፣ የትኛው ሞተር፣ እስካሁንስ ምን ተደርጎለታል?” የሚለው ነው፡፡

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ታማኝ ምስክር አይደለም፡፡ ወደ ኋላ መመለስ የሚቻል ነገር ነው፡፡ ከቆጣሪው ይልቅ የፍሬንና የነዳጅ መርገጫዎቹ ጎማ፣ የመሪው ልብስ፣ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ እውነቱን ይናገራሉ፡፡ 80 ሺሕ ኪሎ ሜትር የሚያሳይ መኪና መርገጫው አልቆ ብረቱ ከታየ አንዱ እየዋሸ ነው፤ መርገጫው ደግሞ መዋሸት አያውቅም፡፡

ከመኪናው ላይ የሚነበብ ታሪክ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፡፡ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በአንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፡፡ ውኃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፡፡ የራዲያተር ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተውና ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውኃ ከሆነ ሞተሩ በቀላሉ ይግላል፡፡ አንድ ጊዜ ክፉኛ የጋለ ሞተር ቴስታታው ይጣመማል፣ በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያም ይበላሻል፡፡ እንዲህ ያለው መኪና ከተማ ውስጥ ለወራት ደህና መስሎ ሊሄድ ይችላል፡፡ ቤተሰቡን ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ግን ሕመሙ ይገለጣል፡፡

ስለዚህ መኪናውን ማየት የሚገባው ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፡፡ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ፡፡ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው፡፡ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቆመና የራዲያተሩ ውኃ ከቀነሰ የቴስታታው ነገር ያጠራጥራል፡፡ የዘይት መሙያ ክዳኑ ሲከፈት ከሥሩ ወተት የመሰለ ነገር ከታየም ውኃና ዘይት ሳይቀላቀሉ አይቀሩም፡፡ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ዘይቱን አውጥተው ያሽትቱት፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ትልቅ ወጪ እየጠበቀዎት ነው፡፡ የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ፡፡ መልስ ካልተገኘ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ዋጋውን ከሒሳቡ ላይ ይቀንሱ፡፡

የአካሉም ጉዳይ እንደዚሁ ነው፡፡ በበሮችና በኮፈኑ መካከል ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ፣ ማግኔት የማይዘው ቦታ ላሜራው ላይ ካለ፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ ማለት ነው፡፡ ግጭት መኖሩ ብቻውን መኪናውን አያስጥልም፤ ሻንሲው መነካቱ ግን ያስጥላል፡፡ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ አውቶሞቢሎችም ስለሚያጋጥሙ በዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ እንዲያየው ያስፈልጋል፡፡

ለዚህ ሁሉ ራስዎ የመረጡት መካኒክ ያስፈልጋል፡፡ ደላላው የሚያመጣው መካኒክ የሚከፈለው ሽያጩ ሲሳካ ነው፡፡ የኮምፕሬሽን ልኬትና የሥር ፍተሻ የሚጠይቀው ክፍያ ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፡፡ “ቦሎ አለው እኮ” የሚለውም በቂ መልስ አይደለም፡፡ ዓመታዊው ምርመራ በዕለቱ ፍሬኑ መያዙን፣ መብራቱ መሥራቱን፣ ጭሱ ልክ መሆኑን እንጂ ሞተሩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አይመሰክርም፡፡

ሕጉ ለገዥ ምን ይሰጣል?

ብዙ ሰው ያገለገለ ዕቃ የገዛ መብት የለውም ብሎ ያምናል፡፡ ይህ ስህተት ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ለገዥው መድን መሆኑን ይደነግጋል፤ አዲስ ነው አሮጌ ነው ብሎ አይለይም፡፡ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው ሻጩ ይጠየቃል፡፡ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ የተነገረው ዓይነት ጠባይ ከሌለውም እንዲሁ ይጠየቃል፡፡

የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፡፡ አንድ የ20 ዓመት መኪና “ለተለመደው አገልግሎት” ምን ያህል ብቁ መሆን አለበት የሚለው ፍርድ ቤት ውስጥ ብዙ ያከራክራል፡፡ “ሻጭ የመኪናው ሞተር ወርዶ እንደማያውቅ ያረጋግጣል” ተብሎ ከተጻፈ ግን ክርክሩ ያጥራል፤ ሞተሩ ወርዶ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ብቻ ይቀራል፡፡ በአፍ የተነገረው ቃል ይህ ጉልበት የለውም፡፡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2005 መሠረት በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነውና “እንዲህ ብሎኝ ነበር” የሚል ምስክር ይዞ መሄድ ብዙም አያራምድም፡፡

ሕጉ ከገዥውም ይጠብቃል፡፡ ገዥ ዕቃውን እንደተረከበ ባገኘው የመጀመሪያ አጋጣሚ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፡፡ ብዙዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፡፡ ለሁለት ወር ከደላላው ጋር ስልክ ሲደዋወሉ ይቆዩና ለሻጩ አንድም የጽሑፍ ማስታወቂያ ሳይሰጡ ይቀራሉ፡፡ ደላላው ሻጭ አይደለም፡፡ ማስታወቂያ ከተሰጠ በኋላም ክሱ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ሻጩ በተንኮል ካላዘናጋው በቀር መብቱ ይቀራል፡፡

ገዥው ሲዋዋል የሚያውቀው ጉድለት ወይም ዓይኑ ሥር ያለ ጉድለት ሻጩን አያስጠይቅም፡፡ ተዋዋዮች የሻጩን ኃላፊነት በስምምነት መቀነስም ይችላሉ፡፡ “አይቼና መርምሬ” የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚጻፈው ለዚሁ ነው፡፡ ሆኖም ሻጩ እያወቀ በተንኮል የደበቀውን ጉድለት ይህ ዓረፍተ ነገር አይሸፍንለትም፡፡

ዋጋና ስም

ቀረጥና ታክስ ለመቀነስ ተብሎ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ መጻፍ የተለመደ ነው፡፡ ሕገወጥ ከመሆኑ ባሻገር የሚጎዳው ገዥውን ነው፡፡ ነገ ውሉ ቢሰረዝና ገንዘብ ይመለስ ቢባል ሰነዱ የሚናገረው የተጻፈውን እንጂ የተከፈለውን አይደለም፡፡

ስም ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ መግዛትም ተመሳሳይ አደጋ አለው፡፡ ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ሲሞትም ውክልናው በመርህ ደረጃ ያበቃል፡፡ ገዥው ያን ጊዜ ከወራሾች ጋር ይጋፈጣል፡፡ ሻጩም አያተርፍም፡፡ በአንቀጽ 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ሰው ቢነዳውም የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ተከሳሽ ይሆናል፡፡

ከመክፈልዎ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፡፡ ፋይሉ ባለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዕዳና ዕገዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ፡፡ መኪናው በቀረጥ ነፃ መብት የገባ ከሆነ ቀረጡ ለመከፈሉ የጉምሩክ ማስረጃ ይጠይቁ፡፡ ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው ይፈርሙ፡፡ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ በሁለቱም ስም የተመዘገበ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፡፡ ያልተስማማው ወገን ማወቁን ተከትሎ በስድስት ወር፣ ባያውቅም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል፡፡

በውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ረጅም ውል አያስፈልግም፡፡ ከተለመደው ቅጽ ላይ አራት መስመር መጨመር ይበቃል፡፡ ሻጩ ሞተሩና ካምቢዮው ወርደው እንደሆነና እንዳልሆነ፣ መኪናው በሻንሲው ላይ የደረሰ ግጭት እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ቆጣሪው እስከሚያውቀው ድረስ ያልተነካ መሆኑን፣ የቀረጥም ሆነ የሌላ ዕዳ እንደሌለበት ይግለጽ፡፡ የሚያውቀው ጉድለት ካለም በዝርዝር ይጻፍ፡፡

አንዳንድ ሻጭ ይህን ሲሰማ እንደተጠረጠረ ቆጥሮ ይቀየማል፡፡ ሊቀየም ግን አይገባም፡፡ “ካምቢዮው ሦስተኛ ሲገባ ይመታል፣ ይህንንም ገዥ ያውቃል” ተብሎ የተጻፈለት ሻጭ ከስድስት ወር በኋላ በዚያ ጉዳይ የሚከሰው የለም፡፡ ለሐቀኛ ሻጭ ከዚህ የተሻለ መከላከያ አይገኝም፡፡ ያገለገለ መኪና ጉድለት ቢኖርበት የሚደንቅ ነገር የለውም፤ ጉድለቱ ታውቆ በዋጋው ውስጥ ከገባ ሁለቱም ወገን በሰላም ይለያያል፡፡

ለሰዓታት ሲያመሰግነው የቆየውን መኪና በሁለት መስመር ጽሑፍ ለመመስከር የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ግን መካኒክ መጥራት ሳያስፈልግዎ መልሱን አግኝተዋል፡፡ ገንዘብዎን ይያዙና ሌላ መኪና ይፈልጉ፡፡