ዘላዩዋ ሸረሪት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ነገር ግን ድር ሳትዘረጋ የምታድን ሸረሪትም አለች። በቤታችን ግድግዳ ላይ እናያታለን። ትንሽ ናት። እየዘለለች ስለምታድን ዘላይ ሸረሪት እንላታለን።

ይህች ሸረሪት 8 እግርና 8 ዓይን አላት። ከፊት ያሉት 2 ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ አጥርተው ያያሉ። ዝንብ ስታይ እንደ ድመት ታደባለች። ቀስ ብላ ትጠጋና ዘላ ትይዛለች። ከመዝለሏ በፊት ቀጭን ክር ከቆመችበት ታጣብቃለች። ብትስት በክሩ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

ዝንብ የዓይን ማዝንና ተቅማጥን ያዛምትብናል። ትንኝም ወባ ታመጣብናለች። ሸረሪቷ እነዚህን ትበላልናለች። በኬንያና በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ፣ ደም የጠጣች ትንኝ መርጣ የምትበላ ዘላይ ሸረሪት አለች።

ልጆቻችን ጠባይዋን ማየት ቢፈልጉ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ እናኑራት። አፉን በስስ ጨርቅ እንሰረው። አንዲት ብቻ እናስገባ፤ ሁለት ከሆኑ ይበላላሉ። በ2 ወይም በ3 ቀን አንዴ ከነሕይወቱ ዝንብ እንስጣት። ጨርቁ ላይ የውሃ ጠብታ እናድርግላት። ፀሐይ ላይ ግን አናስቀምጣት፤ ትሞታለች። አይተን ስንጨርስ ወደ ግድግዳዋ እንመልሳት።

እርግጥ ሸረሪት ብቻዋን በሽታን አትከላከልም። አጎበራችንን አንተው። መጸዳጃ እንቆፍር፤ ቆሻሻችንንም እንቅበር። ቤት ስንጠርግ ግን ዘላዩዋን አንግደላት። ያለ ደመወዝ ለሚጠብቅ ዘበኛ ዱላ አይገባውም።