ሥራ ሲፈታ የሚበላሸው ጄኔሬተር

ለክፉ ቀን ተብሎ የተገዛ ጄኔሬተር አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ሸራ ለብሶ ጥግ ላይ ነው፤ የሚበላሸውም እዚያው ነው። መብራት በጠፋበት ማታ ገመዱ ደጋግሞ ተስቦ ሞተሩ እምቢ ሲል፣ «ገና አዲስ ነው እኮ፣ መች ተሠራበትና!» ይባላል። ምክንያቱ ራሱ ይኸው ነው፤ አልተሠራበትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቤንዚኑ ተቃጥሎ ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ደግሞ በመዳብ ሽቦ ጥቅል መሃል ማግኔት ያሽከረክራል፤ ማግኔቱ በዞረ ቁጥር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የተለመደው የቤት ጄኔሬተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ ይዞራል። የአገራችን መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ የቤት ዕቃው ልዩነቱ አይታወቀውም።

ደካማው ጎን ነዳጁ ነው። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ሲቀመጥ በቅድሚያ የሚተኑት ቀላሎቹ ናቸው፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያስነሱትም እነሱ ናቸው። የቀረው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል። ካርቡሬተሩ ሥር ነዳጅ የሚጠራቀምባት ትንሽ ኩባያ አለች፤ ነዳጁ ከእሷ ወደ ሞተሩ የሚሳበው ስፋቷ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀዳዳ ነው። መካኒክ ለወራት የቆመ ጄኔሬተር ኩባያ ሲፈታ ሥሯ ላይ ቡናማ ቅርፊት ያገኛል፤ ሽታውም የቤንዚን መሆኑ ቀርቶ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። ቀዳዳዋ በዚህ ከተደፈነች ታንከሩን በአዲስ ነዳጅ መሙላት ምንም አይረዳም፤ ካርቡሬተሩ ወርዶ መታጠብ አለበት።

ስለዚህ ጄኔሬተሩን ከማስቀመጥዎ በፊት ሞተሩን በማጥፊያው አያጥፉት። የነዳጁን መዝጊያ ዘግተው፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን አቃጥሎ ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከኩባያዋ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትተው የቀረውን ጠብታ ያንጠፍጥፉ። ከወር ሁለት ወር በላይ የሚቆም ከሆነ ታንከሩንም ባዶ ያድርጉት።

ዘይቱም ከመቀመጡ በፊት ይቀየር፤ ያገለገለ ዘይት ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃና አሲድ ቆሞም ብረት ይበላል። አዲስ ሞተር የመጀመሪያውን ዘይት 20 ሰዓት ያህል ሲሠራ ይቀየርለታል፤ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ በቀደመው። በመጨረሻ ገመዱን ቀስ ብለው ይሳቡና ከበድ ሲል ያቁሙ። በዚያች ቦታ ቫልቮቹ ዝግ ስለሆኑ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አስነስተው ለሩብ ሰዓት ያሠሩት፤ ባዶውን ሳይሆን አምፖልና ፍሪጅ አሸክመው። የብዙዎቹ ጄኔሬተሮች የሚሽከረከር ማግኔት ቋሚ ማግኔት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የሚጀምሩት ካለፈው ሥራ ብረቱ ላይ በተረፈ ጥቂት የማግኔት ኃይል ነው። ረጅም ጊዜ ከቆመ ያ ኃይል ይደክማል። ሞተሩ ደህና እየጮኸ አምፖሉ እምቢ ሲል አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሙከራው ሲያልቅ ካርቡሬተሩን እንደገና ማድረቅ አይርሱ።

ከአቅሙ በላይም አይጠብቁበት። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ የሞተር ጉልበት 3.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ አየሩ ይሳሳልና። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ፣ ታርጋው ላይ ከተጻፈው ከሩብ በላይ ይጎድላል ማለት ነው። 2.5 ኪሎ ዋት የሚል ጄኔሬተር አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አይችልም።

አሁን ሕይወት ወደሚያድነው ጉዳይ። የጄኔሬተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው። ጋዙ ራሱ ሽታም ቀለምም የለውም። ጄኔሬተሩ ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫው ከበርና ከመስኮት ዞሮ ይቀመጥ። በረንዳና ጋራዥ ቢከፈቱም አይሆኑም። ነዳጅ የሚጨመረውም ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

የጄኔሬተሩን ገመድ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ማብራት ደግሞ ፈጽሞ የማይደረግ ነገር ነው። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው አልፎ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል፤ ትራንስፎርመሩም 220 ቮልቱን ወደ 15,000 ቮልት ሊያሳድገው ይችላል። በዚያች ሰዓት መስመሩን ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊኖር ይችላል። ቤቱን ከመስመሩ የሚለይ ቼንጅ ኦቨር በባለሙያ ያስገቡ። እስከዚያው ፍሪጁንና አምፖሉን በማራዘሚያ ገመድ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ሶኬት ያገናኙ።