ተኩላው አልበላውም



ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ስርጭት በጀመረ ሰሞን ብዙዎቻችን ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አዴት፣ ዲሽ ያለው ቤት ማታ ማታ የጎረቤት ልጅ አያጣውም ነበር። መብራት ካልጠፋ በቀር «ጥቁር ፍቅር» የተሰኘው የቱርክ ድራማ አያመልጠንም። አንድ ምሽት ነፍሰ ገዳዩ ማን እንደሆነ የታወቀበት ክፍል ታየ። ሲያልቅ የቤቱ እናት ተነሥተው ቀደም ሲል ራሳቸው የዘጉትን መቀርቀሪያ እንደገና ፈተሹት። ከመካከላችን አንዱ ሊቀልድ ፈልጎ «እትዬ፣ ጅብ ፈርተው ነው?» አላቸው።

«ጅብማ ድምፁ ይሰማል ልጄ» አሉ። «ይኼን በምን እናውቀዋለን?»

በጀመዓችን ስለ ፊልምና ድራማ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር ይህች መልስ ትታወሰናለች። ድራማ ማየት ምን ያህል ይፈቀዳል የሚለውን ለዑለሞቻችን እንተወዋለን። እኛ እዚህ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ጭራቅ የሌለበት፣ ጅን የሌለበት፣ ብዙ ጊዜ ደም እንኳ የማይታይበት ታሪክ መቀርቀሪያ የሚያስፈትሽ ለምንድን ነው?

ድራማውን ላላዩት ባጭሩ እናስታውስ። ኦመር የሚባል የፖሊስ መርማሪ እጮኛው ተገድላ ትገኛለች። ገዳዩን ለማግኘት ያልገባበት ጉድጓድ የለም። ገዳዩ ግን ታላቅ ወንድሙ ሁሴን ነው። ሁሴን ራሱም ፖሊስ ነው፤ ልጆች አሉት፤ እናቱን ያከብራል፤ ኦመር ሲያዝን አብሮት ያዝናል፤ ከእርሱም ጋር በአንድ ማዕድ ይበላል። ተመልካቹ ይህን ከኦመር ቀድሞ ያውቃል። አልፍሬድ ሂችኮክ የተባለው ስመ ጥር የፊልም ሰው አንድ ምሳሌ ነበረችው፤ ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ በድንገት ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካቹ ለጥቂት ሰኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ ከጠረጴዛው ሥር መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ ግን ወሬያቸው እስኪያልቅ ድረስ ይጨነቃል። በ«ጥቁር ፍቅር» ቦምቡ ወንድም ነው፤ ጠረጴዛውም የእናት ገበታ ነው።

ጅብ ለሚያስፈራው ሰው መላ አለው። በረቱን ይዘጋል፣ ውሻ ያሳድራል፣ ከመሸ አይወጣም። የጅን ወሬ ያስፈራው ልጅም አያተል ኩርሲን ቀርቶ ይተኛል። እነዚህ ፍርሃቶች ሰዓትም ቦታም አላቸው፤ ወንዙ ዳር፣ ዋርካው ሥር፣ ከመግሪብ በኋላ። እንደ ሁሴን ያለው ክፋት ግን ቀን ነው የሚመጣው። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ ይገባል። መቀርቀሪያው የሚዘጋው ደግሞ እርሱ ከገባ በኋላ ነው።

ይህን ቱርኮች አልፈጠሩትም። ከእነርሱ በፊት በኢቲቪ «ሰው ለሰው» ነበር፤ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ከልጅነታችን አብሮን ያደገ ስም ነው። አስናቀን አስፈሪ ያደረገው ጩኸቱ ሳይሆን ዝግታው ነበር። የተከበረ፣ ሀብታም፣ አነጋገሩ የተለካ ሰው። «ፖሊስና ኅብረተሰብ»ን ያየም ያስታውሳል፤ እዚያ ስለ እውነተኛ ወንጀል ሲወራ ሰውን የሚያሳምመው «ይተዋወቁ ነበር» የሚለው ቃል ነበር።

ግን እኛ ሙስሊሞች ይህን ታሪክ ለማወቅ ቴሌቪዥን መጠበቅ አላስፈለገንም። ሱረቱ ዩሱፍን ከልጅነታችን ጀምሮ ቀርተናል። አላህ (ሱ.ወ.) ከትረካዎች ሁሉ ያማረ ያለው ይህ ሱራ ሲጀምር የወንጀል ታሪክ ነው። አሳዛኝ አባት፣ የጠፋ ልጅ፣ የውሸት ማስረጃ፣ የተቀነባበረ ምስክርነት አለበት። ነቢዩሏህ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) ልጃቸውን ከወንድሞቹ ጋር ለመላክ ሲያመነቱ በግልጽ የተናገሩት ስጋት ተኩላ እንዳይበላው ነበር (ዩሱፍ፡ 13)። ወንድሞቹም ይህንኑ ፍርሃት ተቀብለው ሰበብ አደረጉት። ማታ እያለቀሱ መጡ፤ ቀሚሱን የሐሰት ደም ቀብተው አቀረቡ፤ ተኩላ በላው አሉ። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚነግሩን የዕቁብን (ዐ.ሰ.) ካስጠረጠሯቸው ነገሮች አንዱ ቀሚሱ ነው፤ ልጅን የበላ አውሬ ልብሱን እንዴት ሳይቀድ ተወው? እዚያው ሱራ ውስጥ ቆይቶ ሌላ ቀሚስ ይመጣል። ያኛው ከኋላ መቀደዱ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ከሐሰት ክስ ነፃ ያወጣል። የፎረንሲክ ምርመራ ወዳጆች ይህን ልብ ይበሉልን።

ተኩላው ንጹሕ ነበር። በታሪኩ ውስጥ የተፈራው እርሱ፣ የተወነጀለው እርሱ፣ ያልነበረበትም እርሱ።

እኛን ግን ከቀሚሱ ይልቅ የሚያስደነግጠን ዘጠነኛው አንቀጽ ነው። ወንድሞቹ ተሰብስበው ሲመክሩ አንዱ ዩሱፍን ግደሉት ወይም ሩቅ ምድር ጣሉት ይላል፤ ያኔ የአባታችሁ ፊት ለእናንተ ብቻ ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ ደጋግ ሰዎች ትሆናላችሁ ይላል። ገና እጃቸውን ሳያነሡ ተውባቸውን ቀጠሮ አስይዘውለታል! ይህ የኢብሊስ አነጋገር አይደለም። የሰው ነው። «ይህችን ብቻ ላድርግና ከዚያ ጥሩ ሰው እሆናለሁ» ያላለ ካለ እጁን ያውጣ። ለመጣላታቸው የሰጡት ምክንያትም ከማንኛችንም ቤት የማይጠፋ ቅሬታ ነው፤ አባታችን እርሱን ከእኛ አብልጦ ይወዳል የሚል። በፈተና ውጤት የበለጠን ጓደኛ ስናይ፣ ለታናሽ ወንድማችን አዲስ ስልክ ሲገዛ፣ ያው ስሜት ደረታችን ላይ ይቀመጣል። አልሐምዱሊላህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ይነሣል።

የፍርሃቱ ሁለተኛ ምንጭ እዚህ ላይ ነው። ደህና የተጻፈ የወንጀል ድራማ ክፉውን ሰው ደረጃ በደረጃ ያሳየናል። ትንሽ ዕዳ፣ ትንሽ ውሸት፣ ውሸቱን ለመሸፈን ሌላ ውሸት፣ በመጨረሻም ያየውን ሰው ዝም ማሰኘት። በየደረጃው ላይ ቆመን «እዚህስ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ስንል የምንሰጠው መልስ ሁልጊዜ ንጹሕ አይሆንም። ጭራቅን አይቶ «እኔን ይመስላል» የሚል ሰው የለም። ሱረቱል ማኢዳም የቃቢልን ታሪክ ሲነግረን ወንድሙን መግደልን ያቀለለችለት ነፍሱ እንደነበረች ነው የሚገልጸው (ማኢዳ፡ 30)። ከገደለ በኋላ ሬሳውን ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ከቁራ ሲማር ይታያል። የመጀመሪያው ገዳይ አዋቂ አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም የተደናገጠ ሰው ነበር።

«ይህ ሁሉ ድራማ ነው፤ በእውኑ ዓለም አደጋው ከውጭ ነው» የሚል ካለ አንድ ቁጥር እንንገረው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ማለትም በ2023 በዓለም ላይ ሆን ተብሎ የተገደሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 85 ሺህ ያህል ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 51 ሺህ 100 ያህሉን የገደለው የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ፣ አለዚያም ሌላ የቤተሰብ አባል ነው። ከመቶ ስድሳ መሆኑ ነው። የአዴቷ እናት ይህን ቁጥር አያውቁትም፤ ጥያቄያቸው ግን እዚያው ደርሷል።

ክፋት ምልክት የለውም ማለት ለመቀበል ይከብዳል። ስለዚህ ሰው ከጥንት ጀምሮ ምልክት ሲያበጅለት ኖሯል። በእኛው ጎጃምም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው «ቡዳ» ሲባሉ፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ ሲባሉ ኖረዋል። ማረሻውን የሠራላቸውን ሰው ዓይኑን ፈርተው ልጅ ይደብቁበታል። በብዙ ቦታ ሽመና የሙስሊሞች ሥራ ስለነበር እንዲህ ያለው ንቀት ለእኛም አያቶች እንግዳ አልነበረም። በዚያ ተረት ጅቡና ሰውየው አንድ ሆኑ፤ የሚያስፈራው አውሬ በእጁ ሠርቶ በሚያድር ሰው ላይ ተለጠፈ።

ቴሌቪዥንም ይህን በሽታ አያጣውም። «ሆምላንድ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ሙስሊሞችን በሽብርተኝነት ሥዕል ብቻ ያሳያል ተብሎ ሲወቀስ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 አዘጋጆቹ የሶሪያ ስደተኞች ጣቢያ የሚመስል ቦታ ሠርተው ግድግዳው ላይ በዐረብኛ የሚጽፉ ሦስት አርቲስቶች ቀጠሩ። አርቲስቶቹም በትልልቅ ፊደል ድራማው ዘረኛ መሆኑን ጻፉበት። ከቀረጻው ሠራተኞች ማንም ሳያነበው በቴሌቪዥን ተላለፈ! እያሳቀን የሚያሳዝነን ነገር ነው፤ ስለ አንድ ሕዝብ ክፋት ለዓመታት የሠሩ ሰዎች ከሕዝቡ ቋንቋ አንዲት መስመር የሚያነብ ሰው አጠገባቸው አላቆሙም። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር «ጥቁር ፍቅር» አንድ ነገር አስተምሮናል እንላለን። በዚያ ድራማ መርማሪው ኦመር ነው፣ ገዳዩም ሁሴን ነው። ስም ምንም አይነግርህም። ሰውየውን በሠራው ብቻ ነው የምታውቀው።

አሁን ወደ ራሳችን ኑሮ እንመለስ። ከትምህርት ወደ ቤት መጓዝ በክልላችን እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ታግተው ቤተሰቦቻቸው ገንዘብ መጠየቃቸውን ሁላችንም ሰምተናል። «እገታ» የሚለው ቃል ከድራማ ወጥቶ የየዕለት ወሬያችን ሆኗል። ሰው በታገተ ቁጥር ደግሞ «ማን ጠቆመ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ ጥያቄውም ዙሪያውን ዞሮ ጎረቤት ላይ፣ የክፍል ጓደኛ ላይ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገረው ልጅ ላይ ያርፋል። ለመሸበት እንግዳ መደብ ማንጠፍ የጎጃም ቤት ሁሉ ልማድ ነበር፤ ዛሬ በሩን አንኳኩቶ የሚመልስለት የሚያጣ መንገደኛ አለ። በሩን ያልከፈተውን አባወራ ለመውቀስ አንደፍርም።

በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ገርብነር ቴሌቪዥን አብዝተው የሚያዩ ሰዎች ዓለም ከሆነችው በላይ አደገኛ፣ ሰውም ከሆነው በላይ የማይታመን አድርገው እንደሚያስቡ ጽፎ ነበር። ተጽእኖው ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ከእርሱ በኋላ የመጡ አጥኚዎች ቢከራከሩም፣ ነገሩን በራሳችን አይተነዋል። አንድ ሰሞን ተከታታይ ድራማ በተመለከትን ቁጥር የዶርም ጓደኛችን በስልክ ዝቅ አድርጎ ሲያወራ እንኳ ጆሯችን ይቆማል። ሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ ብዙውን ራቁ፣ ከፊሉ ኃጢአት ነውና ሲል፣ ወዲያው ቀጥሎ መሰለልን ይከለክላል (ሑጁራት፡ 12)። አንዱ ወደ አንዱ እንደሚወስድ ያየነው ነው።

ልብ በሉ፣ ብዙውን እንጂ ሁሉንም አላለም። የዕቁብ (ዐ.ሰ.) ራሳቸው ልጆቻቸውን ጠርጥረዋል፤ ነፍሶቻችሁ አንድ ነገር አሳመሩላችሁ ብለው ፊት ለፊት ነግረዋቸዋል። ግን ከቤት አላባረሯቸውም። ከብዙ ዓመት በኋላ እነዚያው ልጆች ታናሽ ወንድማቸውን ወደ ግብፅ እንውሰድ ሲሉ፣ በፊት በወንድሙ እንዳመንኳችሁ ነውን የማምናችሁ ብለው ጠየቁ። በአላህ ስም ጽኑ ቃል ኪዳን ካስገቧቸው በኋላ ነው ልጁን አብሯቸው የላኩት (ዩሱፍ፡ 64–66)። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽም በምእመናን መካከል ስላለ ብድር ነው፤ ጻፉት፣ ምስክር አቁሙበት ይላል (በቀራ፡ 282)። በጓደኛሞች መካከል ወረቀት ሲጠየቅ «አላመንከኝም ማለት ነው?» ብለን የምንቆጣ ብዙ ነን።

ያቺ የአዴት እናት ያን ምሽት ከመተኛታቸው በፊት ሦስቱን ቁል ቀርተው መዳፋቸው ላይ እፍ ብለው ልጆቹን ዳበሱ። የመጨረሻው ሱራ ከጎትጓች ክፋት በአላህ የምንጠበቅበት ነው፤ ጎትጓቹም ከጅን ብቻ ሳይሆን ከሰውም እንደሆነ ተናግሮ ነው የሚያበቃው። በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ቁልፉን እንደ ወትሮው ለጎረቤታቸው ሰጥተው ገበያ ወጡ።