ሴት መርከበኞች
ሴት መርከበኞች በጭነትና በመንገደኛ መርከቦች ላይ ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ከቀደምቶቹ አንዷ የሶቪየት ኅብረቷ አና ሽቼቲኒና በ1935 እ.ኤ.አ. የውቅያኖስ መርከብ ካፒቴን ሆናለች።

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የመርከብ ባለቤቶች ማኅበራት ጥናት የምስክር ወረቀት ያላቸውን ሴት መርከበኞች 24,059 አድርሶ ገምቷል፤ ይህም ከጠቅላላው 1.28 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ወራት በሚፈጅ ጉዞ አንዲት ሠራተኛ በመርከቡ ላይ ብቸኛዋ ሴት ልትሆን ትችላለች። የሥራ ቦታዋና መኖሪያዋ አንድ በመሆኑ ጾታዊ ትንኮሳ ቢደርስባት ከበዳዩ መራቅ ያዳግታታል፤ በዳዩም አለቃዋ ሊሆን ይችላል።

በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ መኝታና መታጠቢያ እንዲኖር ያዛል፤ አቤቱታ ያቀረበን መርከበኛ መበቀልንም ይከለክላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የአደጋ መከላከያ አልባሳት በሠራተኛው ልክ፣ በተለይም ለሴቶች በሚሆን መጠን እንዲቀርቡ ያስገድዳል። ከልክ ያለፈ ጓንት ወይም ጫማ በሚናወጥ መርከብ ላይ ራሱ የአደጋ ምክንያት ነውና።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግንቦት 10 ቀን (ሜይ 18) በማሪታይም ዘርፍ የሚሠሩ ሴቶች ዓለም አቀፍ ቀን ሆኖ ይከበራል።