በእሳትና በውሃ መካከል ያለች ጓርኒሲዮን

በጀልባ ሆድ ውስጥ የሚተከል የቤንዚን ሞተር ከመኪና ሞተር ጋር ብዙ የሚጋራው ነገር ቢኖርም፣ ጭሱን የሚያስወጣበት መንገድ ግን በእጅጉ ይለያል። ኤግዞስት ማኒፎልድ የሚባለው፣ ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ማርሚታ የሚያደርሰው የብረት አካል፣ በመኪና ላይ በነፋስ እየበረደ ይሠራል፤ የጀልባ ሞተር የሚቀመጠው ግን የቤንዚን ተን ሊታቆርበት በሚችል የተዘጋ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚግል ብረት እዚያ መተው እሳት መጋበዝ ነው። ስለዚህም የጀልባ ማኒፎልድ ባለ ሁለት ግድግዳ ሆኖ ይሠራል፤ በውስጠኛው መንገድ ጭስ፣ በግድግዳዎቹ መካከል ደግሞ ማቀዝቀዣ ውሃ ያልፋል።

በጄኔራል ሞተርስ 5.7 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ላይ የተመሠረተው ሜርክሩዘር የተባለው የጀልባ ሞተር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ ስለተደረደሩ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ማኒፎልድ አለው፤ በየማኒፎልዱ ላይ ደግሞ ራይዘር የሚባል ቆልማማ ቧንቧ ቆሞ ጭሱን ወደ ላይ ካወጣ በኋላ ቁልቁል ይመልሰዋል፣ ውሃውም ከጭሱ ጋር የሚቀላቀለው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። የኢትዮጵያ መካኒኮች ከጣሊያንኛ በወረሱት ቃል ጓርኒሲዮን የሚሉት ስስ ማሸጊያ በሁለት መጋጠሚያዎች ላይ ይገባል፦ የታችኛው ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው ቴስታታና በማኒፎልዱ መካከል ሆኖ ጭስ ብቻ ሲይዝ፣ የላይኛው በማኒፎልዱና በራይዘሩ መካከል ሆኖ ጭስንና ውሃን ጎን ለጎን ለያይቶ ያሳልፋል።

የታችኛው ሲቃጠል ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ በመጋጠሚያው ዙሪያም ጥላሸት ይታያል። ድምፁ ቀላል ቢመስልም የሚያፈተልከው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል፤ ቀለምም ሽታም የሌለው ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ በጀልባው ክፍል የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ ሊገድል ይችላል። የላይኛው ጉዳት ደግሞ ድምፅ እንኳ የለውም። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በግድግዳዎቹ መካከል የቀረው ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ጭሱ መንገድ ይንጠባጠብና በተከፈተ ቫልቭ በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ ውሃ እንደ አየር ስለማይታመቅም፣ በማግስቱ ሞተሪኖው ሞተሩን ሊያዞር ሲሞክር ፒስተኑ ተገትቶ ይቀራል፣ ፒስተኑን የሚይዘው ቢዬላም ሊጣመም ይችላል። እንዲህ የቆመ ሞተር በቁልፍ ደጋግሞ ሊገደድ ከቶ አይገባውም፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ተፈትተው ውሃው መውጣት፣ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወተት የመሰለ ዘይትም መለወጥ አለበት።

የዚህ ሁሉ ዋና ምንጭ ዝገት ነው። እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ሐይቅ ማኒፎልድ ረጅም ዘመን ሊያገለግል ሲችል፣ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 40 ግራም ገደማ ጨው በሚገኝበት እንደ ቀይ ባሕር ባለ ውሃ ግን ብረቱ ከውስጥ እየተበላ ይሳሳል።

ጓርኒሲዮኑን የመለወጥ ሥራ የሚጀመረው ሞተሩ ከቀዘቀዘ፣ የባትሪው ገመድ ከተላቀቀ፣ የውሃው መግቢያ ከተዘጋና በማኒፎልዱ ያለው ውሃ ከተንቆረቆረ በኋላ ነው። የዛጉ ብሎኖች ሠርሣሪ ዘይት ጠጥተው ካላደሩ በቀር ቴስታታው ውስጥ ተሰብረው ሊቀሩ ይችላሉና ችኮላ እዚህ ላይ ከፍተኛ ዋጋ ያስከፍላል፤ ማኒፎልዱም ከባድ ስለሆነ ሲወርድ ሁለት ሰው ቢይዘው ይመረጣል። ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚፈልገው ግን ጽዳቱ ነው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ከሁለቱም ፊቶች ላይ ብረቱ ሳይጫር ተፍቆ መውጣት አለበት፣ ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባም ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ይደፈናሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በፊቱ ላይ ተጋድሞ ከሥሩ ብርሃን ካሳየ፣ ፊቱ በማሽን ካልተስተካከለ ወይም ማኒፎልዱ ካልተለወጠ በቀር ምንም ዓይነት አዲስ ጓርኒሲዮን አይዘጋውም። ብዙዎች ይህን ጉድለት በማጣበቂያ ለመሸፈን መሞከራቸው ትልቅ ስሕተት ነው።

የላይኛው ጓርኒሲዮን በቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ይለያያል፤ አንዳንዱ ውሃ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ ይዘጋል፣ ያለቦታው የገባም ሞተሩን ሊያግል ስለሚችል ከአሮጌው ጋር ተነጻጽሮ መመረጥ ይኖርበታል። ብሎኖቹ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር በመሄድ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ አምራቹ በመመሪያው በወሰነው ልክ ጥብቀትን በሚለካ መፍቻ ይታሰራሉ። ሞተሩ ውሃ እየተሰጠው ሲነሣ መጋጠሚያዎቹ ይፈተሻሉ፤ ሌሊቱን ካደረ በኋላም ካንዴላዎቹ ተፈትተው ሲታዩ ደረቅ ከሆኑ ማሸጊያው ይዟል፣ የውሃ ጠብታ ወይም ዝገት ከተገኘባቸው ግን ስንጥቁ የሚፈለገው በራሱ በብረቱ ላይ ነው።